ጮቄ ላይ አዲስ መንገድ ከመቅደዳችሁ በፊት አሮጌውን ፈልጉት

ግልጽ ደብዳቤ

ለአማራ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ፣ ለክልሉ የአካባቢና ደን ጥበቃ ባለሥልጣን፣ ለምሥራቅ ጎጃም ዞን አስተዳደር፣ ለመንገድ ሥራ መሥሪያ ቤቶች፣ እንዲሁም ጮቄን በእግር ለማየት ለምትመጡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ በጮቄ ተራራና በዙሪያው ያሉ አሮጌ መንገዶች ተመዝግበው የእግር ጉዞ መስመር እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ማርቆስ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። እንጀራዬ ቅየሳ ነው። መንገድ ባየሁ ቁጥር «ለምን በዚህ አለፈ?» ማለት ልማድ ሆኖብኛል። ጓደኞቼ አብረውኝ ተራራ መውጣት የሚሰለቻቸውም ለዚህ ነው። እነሱ ከጅብራ (ከተራራው ጫፍ ላይ ከሚበቅለው ረጅም ተክል) ጋር ፎቶ ሲነሱ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ድንጋይ ስነካካ እገኛለሁ።

የጮቄ ቱሪዝም በተነሳ ቁጥር በየስብሰባው አንድ ነገር ይባላል፤ «ለእንግዳ የሚሆን የእግር መንገድ ይከፈት»። ሐሳቡ ከደግነት የመጣ ነው። ግን ጮቄ መቼ መንገድ አጣ? የበቅሎ መንገድ አለ፣ የገበያ መንገድ አለ፣ አንድ ጊዜ መኪና ሄዶበት ኋላ የተተወ መንገድም አለ። አንዳቸውም መዝገብ ላይ የሉም እንጂ እግር ያውቃቸዋል። የምጠይቃችሁ እነዚህ እንዲፈለጉ፣ ካርታ ላይ እንዲሰፍሩና ከማንኛውም አዲስ ቁፋሮ በፊት እንዲጠገኑ ነው።

ምክንያቴን ከተራራው ልጀምር።

ጮቄ የከሰመ እሳተ ገሞራ ነው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ዕድሜውን 22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያደርሱታል። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ግን እንደ ሰሜን ተራሮች ሹል ሹል አይደለም፤ ትከሻው ሰፊ ነው። ውኃው በየአቅጣጫው ይወርዳል። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ፣ ሁሉም ከዚህ ተነስተው ዞረው ዞረው አባይ ይገባሉ። ከተራራው ራቅ ሲሉ መሬቱን እየሰነጠቁ ገደል ያበጃሉ። ስለዚህ ተራራውን በታች በኩል ዞሬ ልሂድ ያለ መንገደኛ አንዱን ሸለቆ ወርዶ ወጥቶ ሳያርፍ ሌላው ይጠብቀዋል። ክረምት ከሆነማ ወንዝ ሞልቶበት ዳር ላይ ያድራል። ወደ ላይ የወጣ ሰው ግን እነዚያኑ ወንዞች ገና ጅረት ሳሉ ያገኛቸዋል። ዘሎ ያልፋቸዋል።

የድሮ ሰው ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። መንገዱን ሸንተረር ለሸንተረር ይዞ ሽቅብ ወሰደው። ውርጩን ቻለ፣ ወንዙን ሸሸ። እኛ ቅየሳ ስንማር የውኃ ወሰንን (ውኃው ወዲህና ወዲያ የሚለያይበትን ሸንተረር) ተከትሎ መንገድ ማውጣት ትልቅ ብልሃት ተደርጎ ነው የተነገረን፤ ድልድይ አያስወጣም፣ ቱቦ አያስቀብርም፣ ጎርፍ አይበላውም። የሲራራ ነጋዴ አጋሰሱን እየነዳ ይህንኑ ያለ ቴዎዶላይት፣ ያለ ቅየሳ መሣሪያ፣ ሠርቶታል።

ነጋዴው ወዴት ነበር የሚሄደው? በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከአባይ ማዶ፣ ከጅማና ከእናርያ በኩል የሚመጣው ቡና፣ ዝባድና ወርቅ ጎጃም ሲገባ የሚራገፍበት ትልቁ ገበያ ባሶ ነበር። የዛሬው ባሶ ሊበን ወረዳ ማለት ነው፣ ዋና ከተማው የጁቤ። ከዚያ ዕቃው ወደ ጎንደር፣ ከጎንደርም ወደ ምጽዋ ይጓዛል። ከሰሜን ደግሞ አሞሌ ጨው ይወርዳል። በአሞሌ ይገዛበታል፣ ይሸጥበታልም። ጭነቱ የሚሄደው በአንድ መስመር ብቻ አልነበረም። ኬላ መሸሽ የፈለገ፣ ወንዝ የሞላበት፣ ወደ ሞጣ ወይም ወደ ቢቸና ገበያ የታጠፈ፣ ሁሉም የራሱን ቅርንጫፍ ረግጧል።

የቆሎ ተማሪውስ? ዲማ ጊዮርጊስ ከርሞ ወደ ጎንጅ ወይም ወደ ዋሸራ ቅኔ ፍለጋ የሚሻገር ልጅ፣ ደበሎውን ደርቦ አኮፋዳውን አንግቶ የሄደው በእነዚሁ መንገዶች ነው። መኪና ቢኖርም የሚከፍለው አልነበረውም። ጎጃም የቅኔ አገር ነው ብለን ስንኩራራ ልጆቹ በየት በየት እንደሄዱ ማናችንም ጠይቀን አናውቅም።

ወደ ሰሜን ደግሞ ሰባራ ድልድይ አለ። በሞጣ በኩል ቁልቁል ወርዶ አባይን የሚሻገረው፣ ማዶ ቤጌምድር የሚያስገባው መንገድ ላይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጎንደር ነገሥታት ጊዜ የተገነባ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን መሐሉ ተቆርጦ ቀረ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ምን አደረገ? በገመድ እየተጎተተ ተሻገረ። ለአሥርት ዓመታት! ጨው ያለው በጨው፣ ፍየል ያለው በፍየል። እ.ኤ.አ. በ2002 ክፍተቱ በብረት ተጠገነ፤ በ2005 ጎርፍ ወሰደው፤ በ2009 ሌላ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ። አሮጌ መንገድ የሚባለውን ነገር እንዳለቀለት አድርገው የሚያወሩ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህንን ነው የምነግራቸው። ሰዉ ሕይወቱን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ ያልተወውን መንገድ እኛ ቢሮ ቁጭ ብለን «የተተወ» እንለዋለን።

አሁን አንድ ቁራጭ ቦታ ላሳያችሁ። ጮቄ ሥር ካለችው ከረቡዕ ገበያ ከተማ በላይ፣ መኪናው መንገድ ትቶት የሚያልፈው አሮጌ የበቅሎ መንገድ አለ። ትክክለኛ ቦታውን ሆን ብዬ አልጽፍም፤ ድንጋዩ ለአጥር እንዳይጫን እፈራለሁ። ስፋቱ ሁለት የተጫኑ በቅሎዎች ሳይላተሙ የሚተላለፉበት ያህል ነው። በቁልቁለቱ በኩል ድንጋዮች በጠርዛቸው ቆመው ተተክለዋል። ግማሹ ተንዷል፣ ግማሹ ሽበት ለብሶ ቆሟል። ከላይ የሚመጣው ውኃ መንገዱን እንዳይበላው አንድ ቦታ ላይ ቦይ ተቆፍሮ በላዩ ጠፍጣፋ ድንጋይ ተጋድሞበታል። በዛሬ ቋንቋ ቱቦ ነው። ክረምት ላይ ሄጄ አይቸዋለሁ፤ አሁንም ይሠራል። ውኃው ከድንጋዩ ሥር ገብቶ በወዲያኛው ይወጣል፤ መንገዱ ደረቅ ነው። ከዚያ ከፍ ሲል መታጠፊያው ላይ መሬቱ ሰፋ ተደርጎ ተደልድሏል። የተጫነ ከብት ቀጥ ብሎ አይታጠፍማ፤ ጭነቱ ገደል ይስበዋል። በውስጥ በኩል ያለው ቋጥኝ ጎኑ ለስልሷል። ስንት ጭነት ተፋትጎበት እንደሆነ አስቡት።

አንድ አዛውንት ድንች የጫነች አህያ እየነዱ አገኙኝና «ምን ጠፋህ ልጄ?» አሉኝ። መንገዱን እያየሁ ነው አልኳቸው። አህያዋን አቆሙና ዙሪያውን አዩ። «ይሄ ምኑ ይታያል፣ አባቶቻችን ጨው ያመጡበት ነው» ብለው አለፉ። ሌላ ምስክር አያስፈልገኝም።

የመኪና አሮጌ መንገድም የራሱ ውበት አለው። እሱን ለማየት ጮቄን ትተን ወደ አባይ በረሃ እንውረድ። ከጎሃ ጽዮን ወርዶ ደጀን የሚወጣው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም ግን በመኪና መስኮት ነው የሚያውቀው። መሬቱ ስለሚንሸራተት መንገዱ በየጊዜው ተጠግኗል፣ ቦታም ቀይሯል። ታች አሮጌውና አዲሱ ድልድይ ጎን ለጎን ቆመዋል። አዲሱ፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራው፣ የተመረቀው በጳጉሜን 2000 ዓ.ም. ነው። የተተዉትን ቁርጥራጮች በእግር የሄደባቸው ሰው ልዩነቱን በጉልበቱ ያውቀዋል። የያኔ መኪና ጉልበት ስላልነበረው መንገዱ ዳገቱን በዝግታ፣ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው። አሁን ግን ማሽን አለና ተራራውን ቆርጠን እንሄዳለን። ለመኪና የዛሬው ይሻላል። ለእግረኛ ግን ያ አሮጌው ነው፤ ትንፋሽ ሳይቆርጥ ያወጣል።

ታዲያ እነዚህ መንገዶች የሚጠፉት እንዴት ነው? እርጅና ድርሻው ትንሽ ነው።

አንዳንዱን ዶዘር ይቀብረዋል። አዲስ መንገድ ሲቆረጥ የሚወጣው አፈርና ድንጋይ የሆነ ቦታ መደፋት አለበት፤ የሚደፋው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁልቁል ነው። ቁልቁል ያለው ማነው? አሮጌው መንገድ። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ ፕሮጀክት ላይ በጣም የሚያምር የድንጋይ ድጋፍ ያለው መታጠፊያ በአንድ ከሰዓት ሲቀበር አይቻለሁ። አፈሩን ሁለት መቶ ሜትር ወዲያ መድፋት ይቻል ነበር። የነዳጅ ጉዳይ ነው ተባለ። የኮንትራክተሩን ስም አላነሳም፤ ችግሩ የአንድ ድርጅት አይደለም። ውሉ ላይ «አሮጌውን መንገድ አትንካ» የሚል መስመር ከሌለ ማን ብሎ ይጠነቀቃል?

ሕግ የለም እንዳትሉኝ። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በቁፋሮና በግንባታ ላይ ቅርስ ያገኘ ሰው ለሚመለከተው እንዲያሳውቅ ያዛል። የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995ም አለ። ጥናቱ ሲሠራ ቤተ ክርስቲያን ይቆጠራል፣ መቃብር ይቆጠራል፣ ባህር ዛፍ ሳይቀር ለካሳ ተብሎ አንድ በአንድ ይቆጠራል። የበቅሎ መንገድ የሚቆጠርበት ዓምድ ግን ቅጹ ላይ አይቼ አላውቅም። አንድ ዓምድ ጨምሩልን። ይኼ በጀት አይጠይቅም።

ሌላውን ደግሞ እርከን ይቆርጠዋል። ይህን ስል እንዳትቀየሙኝ፤ የተፋሰስ ሥራ የሚጠላ ጎጃሜ የለም። ጮቄ አፈሩ እንዴት እንደሚሄድ ከማናችንም የተሰወረ አይደለም። ግን በዘመቻ ሥራ ቦዩ ሲሰመር አሮጌውን መንገድ መሐል ለመሐል አቋርጦ ያልፋል። እግረኛው ቦዩን ላለመዝለል በጎን ይዞራል፣ ከብቱ ይከተለዋል፣ በሁለተኛው ክረምት ያ የጎን መተላለፊያ ቦረቦር ይሆናል። አፈር ለመያዝ የተቆፈረው ቦይ አፈር ማስወጫ አገኘ ማለት ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ቦዩ መንገዱ ጋ ሲደርስ ይቁም፤ ከመንገዱ ማዶ ይቀጥል። ልማት ሠራተኛው መንገዱን ካርታ ላይ ቢያየው ኖሮ ይህን አያጣውም።

የቀረውን ማረሻ ይወስደዋል። እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብን፤ ከሁሉም ከባዱ ይኼ ነውና።

ጮቄ ላይ ገብስና ድንች ድሮ ጓሳ (የተራራው ረጅም ሣር) ብቻ ወደነበረበት ወጥቷል። አስታው፣ የደጋው ቁጥቋጦ ዛፍ፣ ተመንጥሯል። መሬት የሌለው ልጅ አግብቶ ልጅ ሲወልድ ያለው አማራጭ ሽቅብ መግፋት ነው። አሮጌ መንገድ ደግሞ የማንም ያልሆነ የሚመስል፣ ደልዳላ፣ ድንጋዩ ዳር ዳሩ ተለቅሞ ያለቀለት መሬት ነው። ገበሬ ሆኜ ባየው እኔም አርሰው ነበር። አሁን አንዳንዱ ቦታ ላይ መንገዱ በሰው ይዞታ ደብተር ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ አንድ ቀን ጠዋት የቱሪዝም ባለሙያ ምልክት ይዞ መጥቶ «ይህ ታሪካዊ መንገድ ነው፣ ውጣ» ቢለው የሚፈጠረውን መገመት አያቅትም። ምልክቱ ለማገዶ ይሆናል። ይገባዋልም።

መጀመሪያ ሰዉን አነጋግሩት። መንገዱ ማሳ ውስጥ የገባበት ቦታ ካለ በዳር በኩል ጠባብ መተላለፊያ ማስተው ይቻላል፤ ድሮም ገበሬው ለጎረቤቱ ከብት መተላለፊያ የሚተወው እንደዚሁ ነው። የታረሰው ታርሷል፤ ወደ ኋላ አንመልሰው። ያልታረሰው እንዳይታረስ ግን ጥቅሙን በእጁ ያግኘው። በቅሎ የሚያከራየው፣ ጓዝ የሚጭነው፣ መንገድ የሚመራው፣ እንግዳ የሚያሳድረው የዚያው ቀበሌ ሰው ይሁን። ከባህር ዳርም ከደብረ ማርቆስም አስጎብኚ መላክ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ2022 የተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት የጮቄ ተራሮች ኢኮ መንደርን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ አድርጎ ሲመርጠው ሁላችንም ፌስቡክ ላይ ተጋርተነዋል። ያ የመጣው የአገሬው ሰው በራሱ ቤት፣ በራሱ ማሳ እንግዳ ተቀብሎ ነው። መንገዱም በዚያው መልክ ይሂድ።

«መንገድ ተራራ አይጎዳም» የሚል ካለ ሰሜን ተራሮችን ይመልከት። ፓርኩ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1978 ነው። በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ። የወጣው በ2017 ነው። ሃያ አንድ ዓመት! ከሚያጨቃጭቁት ነገሮች አንዱ በፓርኩ ውስጥ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ነበር፤ ተለዋጭ መንገድ በውጭ በኩል እንዲሠራ ተደረገ። መጀመሪያ ቀድዶ ኋላ ማዘዋወር ስንት እንደሚያስወጣ ከጎንደር ወንድሞቻችን ጠይቁ። ጮቄ ገና ነው። ገና ስለሆነ ነው አሁን የምጽፈው።

ወደ ሥራው እንግባ። ፍለጋው ከባድ አይደለም።

በ1፡50,000 መጠን የተነሱ (በካርታው አንድ ሳንቲ ሜትር መሬት ላይ አምስት መቶ ሜትር የሆነባቸው) ካርታዎች አሉ። እነሱ ላይ የእግርና የበቅሎ መንገዶች በነጠብጣብ ተሰምረዋል፤ ብዙዎቹን ዛሬ ሄደህ ታገኛቸዋለህ። ከዚያ በፊት ደግሞ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከአውሮፕላን ያነሷቸው የአገራችን ክፍሎች ፎቶዎች አዲስ አበባ በካርታ ሥራ መሥሪያ ቤታችን ተገኝተው ተመራማሪዎች ሲሠሩባቸው ቆይተዋል። የጎጃም ክፍል ካለ ጠይቃችሁ አስወጡት። የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ ዳንግላ የተቀመጠው ቺዝማንም ከ1925 እስከ 1934 (እ.ኤ.አ.) ባለው ጊዜ የአባይን ሸለቆ በበቅሎ እየዞረ ካርታ አንስቷል። ፈረንጅ ያየውን እኛ ማየት አያቅተንም። ጉግል ኧርዝ ላይ እንኳ በበጋ የተነሳውን ምስል ብትከፍቱ መንገዱ ማሳዎቹን እየሰነጠቀ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ይታያል፤ የማሳ ድንበሮቹ ራሳቸው ተሰልፈው ያሳብቁበታል።

ካርታው ግን ግማሹን ነው የሚነግራችሁ። ቀሪውን ገበያ የምትሄድ ሴት ታውቀዋለች። ከድጎ ጽዮን በኩል ወደ ረቡዕ ገበያ የሚመጣ ሰው የትኛው መንገድ ጭቃ እንደማይይዝ፣ የትኛው ላይ ጉም ሲወርድ እንደሚሳሳት፣ የትኛው ምንጭ በሚያዝያ እንደማይደርቅ ይነግራችኋል። እረኛ ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። ጥናት የሚሠሩ ሰዎች ሲመጡ ሊቀመንበሩን ብቻ አነጋግረው፣ ሻይ ጠጥተው ይመለሳሉ። ሊቀመንበሩ በሞተር ሳይክል ነው የሚሄደው።

ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ አጠገባችን ነው። ጂኦግራፊ የሚማር ልጅ መመረቂያ ጽሑፍ ሲፈልግ በየዓመቱ ተመሳሳይ ርዕስ ከሚያዞር አንድ አንድ ቁራጭ መንገድ ይሰጠው። ጂፒኤስ በየስልኩ አለ።

ጥገናውን በተመለከተ አንድ ልመና አለኝ፤ እባካችሁ ሲሚንቶ አታምጡ። እኛ አገር ልማት መሠራቱ የሚታወቀው ሲሚንቶ ሲፈስ ነው። ደረጃ ይሠራል፣ ቢጫ ቀለም ይቀባል፣ በር ላይ ትልቅ ቢልቦርድ ይቆማል፣ ይመረቃል። ጮቄ ላይ ሌሊት ውኃ ይረጋል። ውርጭ ሲሚንቶውን በጥቂት ዓመት ይሰነጥቀዋል፤ ደረጃው ደግሞ በቅሎ አያስወጣም። ድንጋይ እዚያው አለ። ጎጃም ውስጥ ደረቅ ካብ የሚክብ ሰው ሞልቷል። የሚያስፈልገው መንገዱ ላይ አለፍ አለፍ እያለ ድንጋይ ጋደል አድርጎ መቅበር ነው፣ ውኃው መንገዱን ይዞ ከመሮጡ በፊት ወደ ጎን እንዲወጣ። ዳገቱ በከበደ ቁጥር ቀረብ ቀረብ ይላል። ይህን በጥር ወር የተፋሰስ ዘመቻ ውስጥ ማስገባት ይቻላል። ሕዝቡ በየዓመቱ ቀናቱን በነፃ ይሰጣል፤ ከዚያ ውስጥ ጥቂቱ ለመንገዱ ይዋል። ምልክቱም የድንጋይ ክምር ይበቃል። ጉም ሲወርድ ቢልቦርድም አይታይ።

አሁን ወደ እናንተ፣ ሃይኪንግ ወዳዶች።

በየከተማው የእግር ጉዞ ቡድን መብዛቱ ደስ ይለኛል። ግን ጮቄ እንጦጦ አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ተነስታችሁ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር ስትደርሱ አየሩ የሚሰጣችሁ ኦክስጅን በባሕር ጠለል ላይ ካለው 60 በመቶ ገደማ ነው። ራስ ምታት ከያዛችሁ ወንድነት ማሳየት አያስፈልግም፤ ውረዱ። ጠዋት ፀሐይ አይታችሁ በቲሸርት አትውጡ። ከሁሉም በላይ ግን አታቋርጡ። መንገዱ ሲጠማዘዝ ምክንያት አለው። በመታጠፊያው መሐል ቀጥ ብሎ መውረድ አምስት ደቂቃ ያተርፍላችሁ ይሆናል። እዚያ ያለው አፈር ግን ጥቁርና ቀላል ነው፤ ጓሳው አንዴ ከተነሳ የመጀመሪያው ዝናብ ይወስደዋል። ፎቶ ለመነሳት ጅብራ ላይ መንጠላጠልም ይቅር። ዕድሜ ልኩን ጠብቆ አንዴ አብቦ የሚሞት ተክል ነው።

ጊዜው ለእንግዳ የሚመች እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያለንበትን ሁሉም ያውቀዋል፤ መንገድ የሚለው ቃል ራሱ ዛሬ ብዙ ሰውን ሽርሽር አያስታውሰውም። ለዚህ ደብዳቤ «አሁን ይኼ ወግ ነው?» የሚለኝም አይጠፋም። መዝገብ ማዘጋጀት ግን እንግዳ አይጠብቅም። ካርታ ማገላበጥ፣ ፎቶ ማስወጣት፣ ቅጽ ላይ ዓምድ መጨመር ቢሮ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ነው። ሰላም ሲሆን የመጀመሪያው የሚመጣው ዶዘር ነው፣ ቱሪስቱ ኋላ ነው። ዶዘሩ ሲመጣ ዝርዝሩ ጠረጴዛው ላይ ይጠብቀው።

ለመስክ ሥራው የሚሻለው ከታኅሣሥ አጋማሽ በኋላ ነው። ገብሱ ይታጨዳል፣ ማሳው ይራቆታል፣ የማለዳው ፀሐይ ዝቅ ብላ ስትመጣ የመንገዱ ጎድጓዳ በጥላው ይለያል። እስከ ጥር መጨረሻ ድረስ እኔም ሥራ ቀለል ይልልኛል። ባለሙያ ከመደባችሁ ሜትሬንና ጂፒኤሴን ይዤ አብሬ እወጣለሁ። አበል አልጠይቅም። በቅሎ ግን አንድ ብትጨመርልኝ አልጠላም፤ ጉልበቴ እንደ ድሮው አይደለም።

ከአክብሮት ጋር

አንድ የደብረ ማርቆስ ቀያሽ